የወረቀቱ ዋስ

በመተማ ገበያ ነጋሪት ሲጎሰም የሰው ልብ የሚመታው በሁለት ምክንያት ነበር፤ ወይ ግብር ሊጨመር ነው፣ ወይ ሰው ሊሰቀል ነው። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ነጋሪቱ የተጎሰመው ግን ለሌላ ነገር ነበር። አስተርጓሚው አዛናው ጠረጴዛ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። ካፒቴኑ ከጎኑ በወንበር ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

«ጠገራ ብር ከእንግዲህ ገንዘብ አይደለም» አለ አዛናው። «ያላችሁ ሁሉ ግንቦት ሳይወጣ ወደ ባንኩ አምጡና በወረቀት ሊሬ ለውጡ። ከዚያ ወዲያ ብር የተገኘበት ሰው ንብረቱ ይወረሳል፣ ራሱም ይታሰራል። የሴቶች የአንገት ጌጥ ግን አይነካም። መንግሥት የአገሬውን ባህል ያከብራል።»

ሰዉ ሊበተን ነጠላውን አጣፋ። ከፊት ቆማ የነበረችው አሰበች ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። አሰበች የኮኪት ሰሊጥ አራሽ ናት፤ ባሏ ፈረደ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ድፍረት አይደለም ያናገራት፤ ያልገባትን ነገር ሳትጠይቅ ቤቷ መሄድ አይሆንላትም፣ ጠባይዋ ነው። ደግሞም በእሷ አገር በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። ሻጩ በሬው የተሰረቀ እንዳልሆነ ዋስ ያቆማል፤ ገዢውም ዋጋውን አዘገያለሁ ካለ ዋስ ያቆማል። ዋስ የሌለው ነገር አይሸጥም፣ አይገዛም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀች።

«የወረቀቱ ዋስ ማነው?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ ምን እንዳለች ጠየቀ፣ አዛናው ነገረው፣ እሱም ሳቀ። አዛናው መልሱን ተረጎመ፦ «ዋሱ ሮማ ያለው መንግሥት ነው። ለወረቀቱ ሁሉ ወርቅ ሮማ ባንክ ውስጥ ተቀምጦለታል።»

«ታዲያ ቢክደኝ ሮማ ድረስ ማን ሽማግሌ ይልክልኛል?» አለች አሰበች።

ይህችኛዋን አዛናው አልተረጎማትም።

ነገሩ ለአሰበች ቀልድ አልነበረም። ከፈረደ በሬዎች አንዱን የገንዲ በሽታ ገደለው፣ ሌላውን ለተዝካር ሸጠችው። ባለፈው ክረምት መሬቷ ጦሙን አደረ። በዚያ አገር ሁለት ክረምት ተከታትሎ ጦሙን ያደረ መሬት ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጭቃ ሹሙም ይህንኑ በጨዋ አነጋገር አስታውሷታል፤ ጨዋነቱ ነው የባሰ ያስፈራት። ተስፋዋ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ከጎታው ሥር የቀበረችው ብር። በየዓመቱ የጓንግ ወንዝ ከመሙላቱ በፊት፣ በመጨረሻው ገበያ፣ ከሳንጃ በኩል ያረጋል የሚባል ነጋዴ በሬ ይዞ ይወርዳል። ብሩ ለአንድ ጥማድ በሬ ይበቃል። ያረጋል ግን ወረቀት አይቀበልም። ባለፈው ዓመት አንድ ባንዳ በሊሬ በሬ ልግዛ ቢለው፣ «በሬዬ ሣር ነው የሚበላ፤ ይህን ምን ላድርገው?» ብሎ መልሶታል ይባላል።

ሰው ሁሉ ብሩን ወደ ጫካ ሲያሸሽ አሰበች ግን ጥቂት ብር በመቀነቷ ቋጠረችና ወደ ባንኩ ሄደች። መንግሥት እንዲህ ምሎ ተገዝቶ አይዋሽም ይሆናል ብላ አሰበች፤ መቅመስ ነው የሚሻለው። ባንኩ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ባለ አንድ መስኮት ቤት ነበር። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ያው አዛናው ነው። በግንቦት ሙቀት ኮት ለብሷል፣ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፣ ቆላው ገና አልለመደውም።

«ደግ አደረጉ እትዬ አሰበች» አላት፣ ብሮቹን እየተቀበለ። «ያን ዕለት ስለ ዋስ ጠየቁኝ። እኔም ልጠይቅዎ። እዚህ ብር ላይ ያለችው ሴትዮ ማናት? የባዕድ አገር ንግሥት ናት፤ ከሞተችም ብዙ ዘመን ሆኗታል። የእሷስ ዋስ ማነው?»

አሰበች በመስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ብሮች አየች። የሴትዮዋን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጡቷ ትልቅ፣ ፊቷ ሞላ ያለ፣ ደረቷ ላይ የሉል ጌጥ አላት። ሰው ሁሉ ሉሎቹን ቆጥሮ፣ ብሩን ድንጋይ ላይ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ ነው የሚቀበል። ማናት ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሰምታ አታውቅም። ወረቀቷን አጣጥፋ እስከ ኮኪት ድረስ እያሰበች ሄደች። ልጁ አልተሳሳተም፤ ይኸው ነበር የቆጫት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱን ይዛ ወደዚያው መስኮት ተመለሰች።

«ይህን በብር ለውጥልኝ።»

«አይለወጥም እትዬ።»

«እኩል ነው አላልክም?»

«እኩል ነው።»

«እኩል ከሆነ ሲገባ የተለወጠ ሲወጣ ለምን አይለወጥም?»

አዛናው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከባንኩ ጓሮ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ሣጥን በበቅሎ ይጭናሉ። አንዱ ሣጥን ተንሸራቶ ወደቀና የብር ድምፅ ጮኸ። ያ ድምፅ በጆሮ ይታወቃል፤ አያሳስትም። ብሩ ወደ አርማጭሆ አፋፍ ሊሄድ ነው፣ ለወታደሩ ማሽላ ሊገዛበት። እዚያ ያለው ገበሬ በወረቀት አንድ ቁና አይሰፍርላቸውም።

«ሞቷል ያላችሁትን ብር እናንተው ትገዙበታላችሁ» አለች አሰበች፣ ቀስ ብላ። አልተቆጣችም። እንዲያውም ደስ ያላት ያህል ነበር፤ ያልገባት ነገር ገባት።

አዛናው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ደመወዜን የማገኘው በወረቀት ነው እትዬ። ለእናቴ ደብረ ታቦር ላኩላት። እህል የሚሸጥላት አጥታ መልሳ ላከችልኝ።» ይህን ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

አሰበች ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘሊካ ሱቅ ሄደች። ዘሊካ ባለ ሱቅ ናት፤ ባሏ ሷሊህ ደግሞ ከሱቁ ደጅ ተቀምጦ ብር ያነጥራል፣ የአንገት ጌጥና የጆሮ ጉትቻ ይሠራል። ዘሊካ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ጨርቅ ታስመጣለች፣ ሰሊጥ ትልካለች፤ በመተማ ገበያ የእሷ ቃል ከነጋሪቱ በላይ ይሰማል። የሱዳን ቶቧን አጣፍታ፣ ሚዛኗን እያበሰች ነበር።

«ወረቀት ትቀበያለሽ?» አለች አሰበች።

«እቀበላለሁ፤ ካልተቀበልኩ ሱቄን ያሽጉታል። በብር አንድ ክንድ የምሰጠውን አቡጀዲ በወረቀት ግማሽ ክንድ እሰጣለሁ። ወላሂ እኔም ወዲያው ነው የምገላገለው፤ እጄ ላይ አያድርም።»

አሰበች መሬት ላይ ተቀመጠች። ብሩን ብትለውጥ በሬ የለም። ባትለውጥ በገበያው በር ላይ ይፈትሿታል፤ ያረጋል ዘንድ ሳትደርስ ይወስዱባታል። በዚህም በዚያም መሬቱ ይሄዳል። እጇ ሳታስበው ወደ አንገቷ ሄደ። እዚያ የሰርጓ ዕለት የታሰረላት ብር አለ፤ ጫፉ ላይ ሷሊህ ትንሽ የብር ጆሮ በይዶላታል፣ ክር የሚያልፍበት። ዛሬ በገበያው በር ስትገባ አስካሪው ጌጡን አይቶ አልነካባትም።

«አያ ሷሊህ» አለች። «ለብሮቼ ሁሉ ጆሮ አውጣላቸው።»

ሷሊህ መዶሻውን አስቀመጠ። «እታለሜ፣ ምን ነካሽ? ጆሮ ያወጣ ብር ጌጥ ነው፤ ገንዘብ መሆኑ ቀረ። ጆሮውን ብትነቅይው እንኳ ጠባሳው ይቀራል፤ ድምፁም ይበላሻል፣ እንደ በፊቱ አይጮህ። ማን ይቀበልሻል? ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው።»

«አባቶቻችን ለምን አወጡት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጠርዙን እየፋቁ የሚያታልሉ ነበሩ መሰለኝ።»

«እኛው ካወጣነው እኛው አንሽረውም?»

ሷሊህ ሚስቱን አየ። ዘሊካ ደግሞ ሚዛኗን አየች። ነገሩ ከባድ ነበር፤ ቃሏን ከሰጠች ወደ ኋላ የለም። ነገ ገበያው ሁሉ ጆሮ ያለው ብር ይዞ ደጇ ቢሰለፍ ልትቀበል ነው። ማዶ ያሉት ነጋዴዎች ባይቀበሏት ደግሞ ሱቋ እዚያው ላይ ነው የሚያልቅ።

«የገላባት ሰዎች የሚፈልጉት ብሩን ነው፣ ሴትዮዋን አይደለም» አለች በመጨረሻ። «መዝነው ይወስዱታል። ሰው ልላክባቸው። እሺ ካሉኝ እኔም እሺ ነኝ። ከእኔ የሚገዛ ሁሉ በጆሮውም፣ በጠባሳውም፣ እንዳለ ይምጣ።»

ከገላባት እሺታው መጣ። አሰበች ብሯን ከጎታው ሥር አወጣችና ሷሊህ ዘንድ ወሰደች። ይህን ያየች ጎረቤቷ የራሷን አመጣች፣ የእሷ እህት ደግሞ የእሷን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ሷሊህ እየማለ እየተገዘተ ይበይዳል። «እኔ ጌጥ ሠሪ ነኝ» ይላል ላየው ሁሉ፣ «ጌጥ ሥራልኝ የሚለኝን ምን ልበለው?» ባንኩ መስኮት ላይ አዛናው ዝንብ ሲያባርር ይውላል፤ ሷሊህ ግን ምሳ የሚበላበት ጊዜ አጣ። መተማ እንደዚያ ሰሞን ያጌጠችበት ጊዜ አልነበረም። ጥርስ የሌላቸው ባልቴቶች ሳይቀሩ ደረታቸው እየተንኳኳ ውሃ ይቀዱ ነበር።

የመጨረሻው ገበያ ዕለት ከኮኪት እስከ መተማ ያለውን መንገድ አሰበች አንገቷን አቀርቅራ ሄደች፤ ብሩ ከበዳት። በገበያው በር አስካሪዎች የወንዱን ኪስና የሴቱን መቀነት ይበረብራሉ። ካፒቴኑ ቆሞ ሴቶቹን ያያል። አንዷ አለፈች፣ ሌላዋ አለፈች፣ ደረታቸው እየተብለጨለጨ። አሰበች ስትደርስ እጁን አነሳና አስቆማት። 

ካፒቴኑ ወደ አዛናው ዞሮ በቋንቋው ጠየቀ። አሰበች ቃሉን ባታውቅም ጥያቄው ገብቷታል፤ ከመቼ ጀምሮ ነው እነዚህ ሴቶች እንዲህ የሚያጌጡት? አዛናው አያት። ደረቷ ላይ ያለውን ሁሉ አየ። ከብሮቹ ብዙዎቹ ጆሯቸው ገና አዲስ ነው፤ ብየዳው አልጠቆረም፤ ዕውር ካልሆነ በቀር የማያውቀው የለም። አንድ ቃል ቢናገር በሬዎቿም መሬቷም በዚያች ቃል ሊያልቁ ነው። 

አዛናው ተናገረ፣ ረጅም ነገር ነው የተናገረው። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፣ ፈገግ አለ፣ ከአንገቱ ያንጠለጠለውን ካሜራ አነሳና አሰበችን ከነብሯ ፎቶ አነሳት። የሚፈልገውን ብር ሁሉ ፎቶ አንስቶ፣ እጁን አወዛውዞ አሳለፋት!

ስታልፍ አዛናው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ዝናብ ሲቃረብ የሚደረግ የአገሩ ልማድ ነው ብያቸዋለሁ። እንግዲህ ዝናቡን እርስዎ ያምጡት።»

ያረጋል በሬዎቹን ከሾላው ሥር አቁሟቸዋል። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሳቅ የማያውቀው የአርማጭሆ ሰው ነው፤ በዓመት አንዴ ቢያያትም ፈረደን ያውቀው ነበርና በወጉ ኀዘኗን ጠየቃት። አሰበች ጎረምሶቹን በሬዎች አየች። አንዱ ቦራ፣ ሌላው ዳለቻ። ጥርሳቸውን አየች፣ ጀርባቸውን ዳሰሰች፣ ወደደቻቸው። ዋጋ ተስማሙ። አንገቷን ቀና አድርጋ ክሩን ፈታችና ብሩን ነጠላዋ ላይ ዘረገፈችው።

ያረጋል አንዱን አነሳ። ሉሎቹን በጥፍሩ ቆጠረ። ድንጋይ ላይ አንኳኳው። ድምፁ ዱሽ አለ።

«ይህ ታሟል» አለ። ሌላውን አንኳኳ፣ ሦስተኛውንም። «ጆሮ አውጥተሻቸዋል። እቴ፣ ይህን ይዤ ሳንጃ ብገባ ሰው ይስቅብኛል። አልችልም።»

«ብሩ እኮ ያው ብር ነው አያ ያረጋል።»

«ብሩ ያው ነው። ሰው ነው የማይቀበል።»

ወደ በሬዎቹ ዞረና ገመዳቸውን ማጥበቅ ጀመረ። አሰበች ነጠላዋ ላይ የተዘረገፈውን አየች። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላችው፤ ነጋሪቱን፣ ሴትዮዋን፣ የራሷን ብልጠት። ማልቀስ አማራት። ግን የያረጋል ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። ሰው ነው የማይቀበል። ካፒቴኑ ወርቁ ሮማ ነው አለ፣ አዛናው ሴትዮዋ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል አለ፣ ይኸው ያረጋል ደግሞ እውነቱን ተናገረ። ወረቀቱንም ብሩንም የሚያቆመው ተቀባዩ ነው፤ ተቀባይ ደግሞ ሮማ አይኖርም፣ እዚሁ ነው ያለው።

«ዋስ ልጥራ» አለች።

ያረጋል ገመዱን ለቀቀ። ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። «ለምኑ?»

«ለብሩ። የማይቀበልህ ብታገኝ ብሩን ለዋሴ ትመልሳለህ፤ ዋሴ የምትፈልገውን ዕቃ በሙሉ ዋጋ ትሰጥሃለች። እሷ ብትክድህ በሬዎቹን መጥተህ ከማሳዬ ትወስዳለህ።»

ዘሊካ ተጠራች። ሱቋን ሳትዘጋ ነው የመጣች፣ ሚዛኗን እንደያዘች። ሁለት ሽማግሌዎች ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ዘሊካ ከነጠላው ላይ አንዱን ብር አንስታ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገችው። «እኔ ዋስ ነኝ» አለች። «ዛሬም፣ ከክረምት በኋላም፣ ጣሊያን ቢኖርም ባይኖርም። ደጄን ታውቀዋለህ። የማይከፈትልህ ቀን ካለ በአላህ ፊት ተጠያቂ ነኝ።»

 ያረጋል በአንዱ ጆሮ ባለው ብር ከዘሊካ አሞሌ ጨው ጠየቀ፣ ለመሞከር። ሳትከራከር ሰጠችው። ሁለተኛውን ሰጣት፣ አቡጀዲውን ክንድ ሳታጎድል ለካችለት። ያረጋልም እንደ ሻጭ ወግ የበሬዎቹን ገመድ በአሰበች እጅ ላይ አኖረው።

«ለዚያ ወረቀትም እንዲህ ዋስ ቢጠሩለት እኮ እቀበለው ነበር» አለ። ሰው ሲስቅ ያየው ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዝናቡ በሳምንቱ ወረደ። አሰበች መሬቷን አረሰች፣ ሰሊጡም አማረላት። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ከመተማ እስከ ሳንጃ ጆሮ ያለው ብር ሳይጠየቅ ያልፍ ጀመር፤ ጆሮ የሌለው ሲገኝ እንዲያውም «ይህ ከየት መጣ?» የሚል ነበር።

ጣሊያን ጥር ላይ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከመተማ ሲወጣ ባንኩን ሳይቆልፍ ነው የሄደው። ወረቀቱ በቆርቆሮው ቤት ተበትኖ ቀረ። ዘሊካ ሰብስባ በርበሬ ጠቀለለችበት፤ ለዚያ ጥሩ ነበር፣ አይቀደድም።

ግንቦት ላይ አሰበች ከዘሊካ ሱቅ ስትደርስ ከደጁ አንድ ሰው ቆሞ አየች። ኮቱ አልቋል፣ ከስቷል። አዛናው ነው። ከጣሊያኖቹ ጋር አልሄደም፤ ጫካ ለጫካ ከርሞ መጣ። እግሩ ሥር የጨርቅ ከረጢት አለ፣ የአምስት ዓመት ደመወዙ፣ ሁሉም ወረቀት። በሸሕዲ በኩል የሚያርስለት ያጣ ዘመዱ ቁራሽ መሬት ትቶለታል። ዘር ፈልጎ ነው የመጣ። ደጁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን አዙሯል፤ ያዩት ያን የነጋሪቱን አዋጅ ተናጋሪ ነው።

«በዚህ አልሸጥልህም» አለች ዘሊካ፣ ከረጢቱን በዓይኗ እያሳየች። «በዱቤ ልስጥህ ብልም ዋስ ያስፈልገኛል። ዋስህ ማነው?»

አዛናው ዙሪያውን አየ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያን የድሮ ጥያቄዋን ያስታወሰ መሰላት አሰበችን፤ አንገቱን ደፋ። ከረጢቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ» አለች አሰበች።

ዘሊካ ዞራ አየቻት።

«የዝናቡን ጌጥ ረሳሽው እንዴ? እኔን አንዴ በቃሉ አሳልፎኛል» አለች አሰበች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ባይከፍልሽ ከእኔ ማሳ ትወስጃለሽ። በሬም ቢያጣ የእኔን ሁለት ቀን አውሰዋለሁ። ስፈሪለት።»

 ዘሊካ ቁናዋን ወደ ሰሊጡ ሰደደች፣ ሞላች፣ ከላዩም ጨመረችለት። አዛናው ወረቀቱን ደጁ ላይ አራግፎ የከረጢቱን አፍ ከፍቶ ያዘላት። ዘሩ እየተንሿሿ ሲገባ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ለመጥረግ እንኳ እጁ አልተለቀቀለትም።

«በቃ አታልቅስ» አለችው አሰበች፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን እየጠረገችለት። «ሰሊጥ እርጥበት አይወድም።»